የአባቴ ቀኝ ጆሮ

ኤርፎን የሚሞተው ከአንገቱ ነው። ሶኬቱና ሽቦው የሚገናኙበት ቦታ መጀመሪያ ይላላል፤ ቀጥሎ አንደኛው ጆሮ መንኮሻኮሽ ይጀምራል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጭጭ ይላል። ገዢው ግን ይህን አያምንም። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪሱ ውስጥ ጨፍልቆት ከርሞ፣ "ምንም ሳላደርገው ሞተብኝ" ብሎ ይመጣል። እኔ ደግሞ ሐይቅ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቄ ተቀምጬ፣ "ርካሽ ስለገዛህ ነዋ!" እለዋለሁ። ሌላውን ከመደርደሪያ አውርጄ እጁ ላይ አስቀምጥና "ኦርጅናል ዕቃ እንዲህ ነው" እላለሁ። ርካሹን የሸጥኩለት እኔው ነኝ። ኦርጅናል ያልኩትም ከዚያው ካርቶን የወጣ ነው።

ሱቁን የከፈትኩት ከባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ለውጥ መጣ የተባለበት ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ ስልክ ያልያዘ፣ ስልኩ ላይ ኤርፎን ያልሰካ ሰው አልነበረም። ንግግር ይሰማል፣ ክርክር ይሰማል፣ ስድብ ይሰማል። አንድ ቤት ውስጥ አራት ሰው አራት ዓይነት ወሬ በየጆሮው ወትፎ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይውላል። ሰው በጎረቤቱ ላይ ምን እየተባለ እንደሆነ ከጎረቤቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይሰማው ነበር። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ይሸጥልኝ እንጂ።

ግን ዕቃውን አውቀዋለሁ። ይህን ማንም አይነሳኝም። ሚሞሪዬ ላይ አንድ የአምባሰል ዜማ ነበረች፤ ማሲንቆና አንዲት ሴት ብቻ። አዲስ ካርቶን በመጣ ቁጥር እሷን ነበር የምከፍተው። መጥፎ ኤርፎን ማሲንቆውን የንብ ጩኸት ያስመስለዋል፤ የሴትዮዋን ትንፋሽ ደግሞ ጨርሶ ይበላዋል። በጥሩው ግን ከአንዱ ስንኝ ወደሌላው ስትሻገር አየር ስትስብ ትሰማለች። መንዙማ የሚሰሙ ሽማግሌዎች "አንች ልጅ፣ ድቤውን እንጂ ሸሁን አልሰማም" እያሉ ሲመልሱልኝ ወዲያው ይገባኛል። ርካሽ ዕቃ የድቤ ምት ይወዳል፤ ቃል አይወድም። ምቾቱም እንደዚያው ነው። የርካሹ ጠርዝ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ሻሽ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ ሴቶች ግማሽ ቀን አድርገውት ጆሯቸውን እያሹ ይመጣሉ። "ይለመዳል" እላቸዋለሁ። አይለመድም።

አባቴ ድሮ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ካረጀ በኋላ ስኳር ያዘውና በየቀኑ መርፌ እየተወጋ ቤት ዋለ። የቀኝ ጆሮው ደከም ይላል፣ ግን ይሰማል። የስልኩ ስፒከር ከፈነዳ ቆይቷል፤ ሰው ሲደውልለት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያወራል፤ የድምፅ መልዕክት ሲላክለት ግን የሚሰማው የቆርቆሮ መንኳኳት ነው። ይህ ነገር ያናድደው ነበር፤ ምክንያቱም ዓረብ አገር ያለችው ታናሽ እህቴ ሥራ ስለሚበዛባት አትደውልም፤ በድምፅ መልዕክት ነው የምታወራው። ማታ ሳህን እያጠበች "አባ፣ ዛሬ እንዲህ ሆነ" እያለች የምትልክለት ረጅም ወሬ አለ። እሱ ግን አንዱንም ለይቶ አይሰማውም።

ለእሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሳልነግራት ብቀር ምን ነበረበት! ወሩ ሳይሞላ ወደ አገር በምትመለስ ሴት እጅ አንድ ኤርፎን ላከች። ጥቁር፣ በትንሽ ነጭ ሣጥን ውስጥ፤ የጆሮው ጎማ ለስላሳ፣ ትንሽም ትልቅም መቀያየሪያ ያለው። ሽቦው አይጠላለፍም። አንገቱ ላይ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ መከላከያ ነበረው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ እኔ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። በዜማዬ ሞከርኩት። የማሲንቆው ክር የፈረስ ጭራ መሆኑ ይታወቅ ነበር።

አባቴ ሲሰካው አጠገቡ ነበርኩ። እህቴ "አባ" ከማለቷ በፊት ምራቋን ስትውጥ ሰማኋት አለኝ። ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። "ወላሂ፣ እዚህ ናት! እዚህ፣ ራሴ ውስጥ ናት!" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትም ከሰዓትም እሷ ናት። ጎረቤት ሲመጣ ኤርፎኑን ያሳያል። "ልጄ ናት የላከችልኝ፤ ልጅ ማለት እንዲህ ነው" ይላል። ጎረቤቱ ያንን ሲሰማ ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ። መርፌውን የምወጋው እኔ፣ እግሩን በሞቀ ውሃ የማጥበው እኔ፣ ሽንቱን የምደፋው እኔ። የምትመሰገነው ምራቋን የዋጠችው ናት። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም፤ ቀናሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን "የልጄን ድምፅ እንዳይጠፋብኝ ሚሞሪ ላይ አድርጊልኝ" ብሎ ስልኩንም፣ ኤርፎኑንም ከነሣጥኑ ሰጠኝ። ሱቅ ወሰድኳቸው። ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ የሚሄዱ ሰዎችን የያዘ አውቶብስ ለምሳ ቆሞ ነበር። ሰዉ የሐይቁን ዓሣ በልቶ ሲጨርስ በየሱቁ ይበተናል። አንድ ሰውዬ እኔ ጋ መጣ። የከተማ ጫማ የተጫማ ትሑት ሰው ነበር። ያለኝን ኤርፎን አንድ በአንድ ሞክሮ መለሰልኝ። ሳይቆጣ ነው የመለሰልኝ፤ ያ ነው ያናደደኝ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያለውን አየ።

"ይሄስ?"

"የሰው ነው። የአባቴ።"

"ልሞክረው ብቻ።"

ሞከረው። ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍት አንድ ዋጋ ጠራ፤ የሳምንት ገበያዬ የማያመጣው ነበር። አንድ ጊዜ እምቢ አልኩ። ሁለተኛ አልደገምኩትም። "እመብርሃን ትጠብቅሽ፤ ለአባትሽ የተሻለ ትገዢለታለሽ" ብሎኝ ሄደ። አውቶብሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ወደ ግሸን መንገድ ሲታጠፍ እያየሁ፣ ዕቃ ለማምጣት ደሴ ስሄድ ደህና አንድ ፈልጌ እገዛለታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ብሩን ለአዲስ ካርቶን ከፈልኩት።

እስከዚያው ግን አባቴ ባዶ እጄን ሊያየኝ አይገባም። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ተማሪ የመለሰው ኤርፎን ነበር። ጥቁር ነው፤ በጨረፍታ ሲያዩት መልኩ ከእህቴ ዕቃ ጋር አንድ ነው፤ ፎርጅድ የሚሠሩ ሰዎች መልክ ላይ አይሰንፉም። የመለሰው ቀኝ ጆሮው ስለሞተ ነው። እያገላበጥኩ አሰብኩና መላ መጣልኝ። የአባቴ ደካማ ጆሮ የቀኙ አይደለም? ለማይሰማ ጆሮ የማይሰማ ኤርፎን! ብቻዬን ሳቅኩ። አዎ፣ ስቄያለሁ። በእህቴ ነጭ ሣጥን ውስጥ አድርጌ ወሰድኩለት።

ሰካው። ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። አወለቀው፣ ጠረገው፣ መልሶ ሰካው።

"አንች ልጅ፣ በቀኝ በኩል አይሰማኝምሳ። ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ?"

ይህን የጠየቀው የኤርፎን ነጋዴ ልጁን ነው። ከእኔ በላይ ማንን ይጠይቅ? ተቀብዬው ሁለቱንም ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ እንደ ሐኪም ጭንቅላቴን ወዲህና ወዲያ አልኩና፣ "ዕቃውስ ደህና ነው አባ፤ ሁለቱም ይሠራል። ጆሮህ ነው" አልኩት።

"እንግዲህ፣ በዚህ ጆሮዬ ስንት ሐሜት ሰምቼበታለሁ፤ ጀሊሉ ጌታዬ ዘጋው። አልሐምዱሊላህ፣ አንዱን ትቶልኛል" አለ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ በግራው በኩል ያስቀምጣል። በቀኙ በኩል ስናገረው፣ ቢሰማም እንኳ፣ ጭንቅላቱን አዙሮ ግራውን ይሰጠኛል። ጆሮው አልሞተም፤ እኔ ነኝ የገደልኩበት። ደሴ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ብሩ ለሌላ ነገር ዋለ።

የግራውም ብዙ አላገለገለው። ጠርዙ ደረቅ ነው ብያለሁ። ድምፁም ቀጭን ስለሆነ አባቴ እህቴን ለማቅረብ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጆሮው ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሰለ። የስኳር በሽተኛ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። አንድ ጠዋት ፕላስቲኩ ላይ ደም አየሁና በሸማዬ ጫፍ ጠርጌ ዝም አልኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉን አጥባ "ጆሮዎ ውስጥ ምንም ነገር እንዳያስገቡ" አለችው። ኤርፎኑን ጠቅልሎ ሰጠኝ። "እንግዲህ አንች ስሚና ንገሪኝ። ሁለት ጆሮ አለሽ" አለ። እህቴ የላከችለትን እየሰማሁ አሳጥሬ እነግረው ጀመር። "ደህና ነኝ ብላለች፤ ሰላም ብላሃለች።" ግማሽ ሰዓት ያወራችውን። ምራቋንማ ማን ይነግረዋል!

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ቤታችን በዚህ ልማድ ላይ ነበር። መጀመሪያ መንገዱ ላይ ከሰሜን የሚመጣ ሰው በዛ። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ በግ፣ የታመመ ሰው በጋሪ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ስልክ ሁሉ ድንጋይ ሆነ። አንድ ነገር ግን ቀረ። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ያለው ስልክ ኤርፎን ከሰኩበት ይሠራል፤ ሽቦው አንቴና ነው። ጎረቤት ሶላር ካለው ሰው ቤት ባትሪ እየሞላሁ፣ በዚያው ፎርጅድ ኤርፎን፣ በአንድ ጆሮ፣ ሽቦውን በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ዘርግቼ ሬዲዮ እሰማ ነበር። ሱቄ ውስጥ ሁለት ካርቶን አዲስ ኤርፎን ነበረኝ። አንድ ለቤት ማውጣት ከበደኝ፤ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

አባቴ ከመንገድ የሚመጣውን ወሬ አይሰማም ነበር። ምክንያት አለው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ እያለ፣ "መጡ!" ተብሎ መንደሩ ሲሸሽ እሱም የታመመች እናቱን አዝሎ ሮጠ። እናቱ ጀርባው ላይ ሞተች። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ማንም አልመጣም ነበር። "በወሬ አልሮጥም፤ በወሬ ሮጬ ያየሁት ይበቃኛል" ይላል። የሚያምነው ሬዲዮ ብቻ ነው። ሬዲዮው ደግሞ እኔ ነኝ።

"ምን ይላል?"

"ደህና ነው ይላል።"

በየቀኑ እንዲህ ነበርን። ነርሷ "ድንጋጤ ስኳሩን ከፍ ያደርግበታል፤ አታስደንግጡት" ብላኝ ነበር። እኛ ዘንድም መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ቀኑ ታይቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በዘዴ ነው። በዚህ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ክፉውን እየዋጥኩ ደጉን ስነግረው የምሠራው ጽድቅ ይመስለኝ ነበር። ግን አሁን ማንን ልሸውድ? ሁለቱ ካርቶን ነበረ። ሱቄ ነበረች። ዘግቼ ብሄድ በሩን ሰብረው እንደሚገቡ አውቅ ነበር። ጽድቁም ካርቶኑም አንድ ላይ ነበር የሚያስሩኝ፤ የትኛው ይበልጥ እንደጠበቀ የምታውቅ ሆዴ ናት።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ጎረቤታችን ሹፌሩ መጣ። ክርስቲያን ነው፤ ከአባቴ ጋር በበዓል የተጠያየቁ፣ በሐዘን የተቀባበሩ ሰዎች ናቸው። ሚኒባሱ ውጭ ቆማ ሞተሯ አልጠፋም።

"አባባ፣ ቤተሰቤን ጭኛለሁ። ሁለት ቦታ አለኝ። ለእርስዎና ለልጅዎ ነው ያስቀመጥኩት። ደሴ አንቆምም፣ ወደ ሸዋ እናልፋለን። መድኃኒትዎም እዚህ ያልቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይነሱ።"

አባቴ ዘንጉን ያዘ። ሊነሳ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ።

"ሬዲዮው ዛሬ ምን አለ?"

ጠዋት የሰማሁት እስከ ዛሬ ቃል በቃል አለ። ሕዝቡ ተረጋግቶ አካባቢውን ይጠብቅ ብሏል። ቀጥሎ ደግሞ ውጊያው ከከተማችን በላይ ወዳሉት የአምባሰል ኮረብቶች መቃረቡን ተናግሯል። ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር፤ ግን "አምባሰል" የሚለው ቃል ጥርት ብሎ ነው የገባው። ጆሮዬ ሌላው ቢጠፋው ያንን ስም አይስተውም።

"ተረጋጉ ይላል" አልኩት።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ዘንጉን መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። "ልጄ፣ አላህ መንገድህን ያቅናልህ። እኔ በወሬ አልነሳም" አለው ሹፌሩን። ሹፌሩ እኔን አየኝ። መንገዱን ከነጋ ጀምሮ ሲያየው ነው ያረፈደው፤ መዋሸቴ ገብቶታል። ምን ይበል? በእኔው ፊት "ልጅዎ ዋሽታለች" ይበለው? ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ የሚኒባሷ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላወራም። ከተማዋ ተያዘች። ኤፍ ኤሙም ጠፋ፤ ኤርፎኑ ውስጥ የሚሰማው የወናፍ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ብቻ ሆነ። ሱቄን የሰበሩት በሁለተኛው ቀን ነው። ሁለቱም ካርቶን ሄደ፤ መደርደሪያው ሳይቀር። ሄጄ ሳየው ወለሉ ላይ አንዲት ባዶ የስልክ ከቨር ነበረች። ባለቅስ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ የመጣልኝ ግን "ለዚህ ነው?" የሚል ቃል ብቻ ነው። ለዚህ ነው አባቴን ያስቀረሁት?

ኢንሱሊኑን መብራት ከጠፋ ጀምሮ እርጥብ አሸዋ በሞላሁት ገንቦ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው። ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውሃ አርከፈክፋለሁ። ጠርሙሶቹን በየቀኑ አወጣና አያቸዋለሁ፤ እያየሁዋቸው የሚበዙ ይመስል። መጠኑን ቀነስኩ። ቀጥሎ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ አደረግሁት። የከተማው ፋርማሲዎች ተዘግተዋል፤ ክፍት የሆኑትም ባዶ ናቸው። ለአባቴ "አለ፣ ይበቃል" እለዋለሁ። ውሸት አንዴ ከተለመደ ምራቅ ነው፤ ሳታስበው ይወርዳል። የመጨረሻውን ስወጋው የጠርሙሱን ታች ቧጥጬ ነው።

ከዚያ ውሃ፣ ውሃ ማለት ጀመረ። የበላውን ይመልሳል። ከአልጋ መነሳት አቃተው፤ አተነፋፈሱ ረጅምና ከባድ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአስር ሰላት አካባቢ ነገሩ እንደከፋ አወቅሁ። ሸሂዬውን የሚጠራልኝ አልነበረም፤ ሰው ከደጁ አይወጣም። ለሚሞት ሰው የሚነገረውን ሸሃዳ እኔው ልነግረው አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልጋው በግራ በኩል ከግድግዳው ጋር ተጠግቷል፤ መቀመጥ የሚቻለው በቀኙ በኩል ብቻ ነው። ለጆሮው አስቤ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ፣ በዚያ በሞተው ጆሮው ላይ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አልኩት።

ተከተለኝ። ቃል በቃል ተከተለኝ።

ከዚያ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ነው። "አንች ልጅ… በቀኜ ሰማሁሽ" አለኝ። "ተከፈተች። ጀሊሉ ከፈታት።" አልሐምዱሊላህ እያለ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ጆሮህ ከመጀመሪያውም አልተዘጋም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ማለት። አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን እንደ ልጅ ፈገግ ብሎ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

አራት ሰዎች ቀበሩት። ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ድምፅ አውጥቶ የሚያለቅስ አልነበረም።

ከተማዋ ስትረጋጋ፣ መብራትም ኔትወርክም ሲመለስ፣ የአባቴን ስልክ ከደበቅሁበት የእህል ጎታ አውጥቼ ከፈትኩት። የእህቴ የድምፅ መልዕክቶች እየተከታተሉ ገቡ። "አባ፣ ደህና ነህ?" "አባ፣ መልስልኝ እንጂ።" "አባ፣ ኤርፎኑ ይሠራል?" በአንድ ጆሮ ሰማሁዋቸው። መርዶውን በስልክ አልነገርናትም። እሷ ባለችበት ከተማ ያሉ የአገሯን ልጆች ፈልገን፣ እነሱ በጠዋት ተሰብስበው ቤቷ ድረስ ሄደው ነገሯት። ይህን ሁሉ ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። መርዶ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ኮንትራቷን ስትጨርስ መጣች። ያልተደረገለትን ሰደቃ አደረግን። ሹፌሩም ከነቤተሰቡ ተመልሶ ነበርና መጣ፤ የቀረበለትን በላ፣ አጽናናት። እኔን ሲሰናበተኝ ዓይኔን አላየኝም። እንግዳው ሲበተን እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ያ የላኩለት ኤርፎን አለ?"

ነጭ ሣጥኗን አምጥቼ ሰጠኋት። ሣጥኗን እጇ ያውቃታል፤ ዕቃውንም ያውቀዋል፤ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ሞክራ ነው የገዛችው። ጠርዙ ደረቅ ፕላስቲክ መሆኑን፣ አንገቱ ላይ መከላከያ እንደሌለው አሁን ታያለች። ትየው! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ ይጥራና ልረፍ ብዬ ነበር። ስድቧን፣ ከመጣም ጥፊዋን ልቀበል ቆሜያለሁ።

በአባቴ ስልክ ላይ ሰካችው። የራሷን ድምፅ ከፈተች። ትንሽ ሰማች። ቀኙን አወለቀች፣ ነፋችበት፣ መልሳ አደረገችው።

"እትዬ፣ አንዱ ሞቷል" አለች።

ኤርፎኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። አልቅሳ በቀላ ዓይኗ ሳቀች። "ስንት ቀን፣ ስንት ሌሊት ቢሰማኝ ነው እንዲህ የጨረሰው! የኔ አባት!" አለች። የሞተውን ጆሮ ሳመችው። ከዚያ ሽቦውን በጣቷ ላይ ቀስ አድርጋ እየጠቀለለች፣ እኔን እንደ ባለሙያ እያየች፣ "ደግነቱ ደህና ዕቃ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ደርሶለታል፤ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፤ ኦርጅናል ዕቃ እንዲህ ነው" አልኳት።